አራተኛው ጥያቄ

ጸጋው የሚስቱን ስም ከፈተናው ሲያሰርዝ እኔ ቧንቧው ሥር ቆሜ ባልዲዬን እየሞላሁ ነበር። አላየኝም አይደለም፣ አይቶኛል። ግን ለእሱ ዓይነቱ ሰው አሮጊት አከራይ ማለት እንደ ቧንቧው፣ እንደ ልብስ ማስጫው ሽቦ ያለች የግቢው ዕቃ ናት፤ ጆሮ ይኖራታል ብሎ አያስብም። ሸሚዙን ተኩሶ ለብሷል፣ ጫማውን ወልውሎታል፣ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ጎንበስ ቀና ይላል። የሚያነጋግረው ሰው የሚያየው ይመስል! «አቶ ኃይለ ሚካኤል፣ ያ ያስቸገርኩዎት ነገር አለቀ አይደል? የባለቤቴ ስም። ተሰረዘ? እግዜር ይስጥልኝ ጌታዬ። አይ፣ እሷም ራሷ አልፈለገችውም። ልጅ አለባት፣ ድካም አለባት፣ ምኑን ከምኑ ታደርገዋለች።» እሷም ራሷ አልፈለገችውም! ወላሂ፣ ባልዲውን እላዩ ላይ ልቸልስበት ምንም አልቀረኝም ነበር። ከዚያ ወደ ክፍሉ በር ሄዶ፣ ድምፁን አለስልሶ፣ «መሲዬ፣ የእናንተ ክፍል ፈተና ለሌላ ጊዜ ተላልፏል አሉ፤ አንቺ አርፈሽ ተኚ» አላትና በሩን ገርበብ አድርጎ ወጣ። በአጠገቤ ሲያልፍ «እንዴት አደሩ እትዬ ብዙዬ?» አለኝ። ደኅና አላደርኩም አልኩት፣ በሆዴ።

ነገሩን ላስረዳችሁ። ጸጋውና መሲ ኮምቦልቻ፣ የቦርከናን ወንዝ ተሻግሮ ባለው ግቢዬ ውስጥ፣ ከእኔ መኝታ ጋር በችፑድ ብቻ የተለየች አንድ ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ። ሁለቱም የአንድ ብርድ ልብስ ፋብሪካ ሠራተኞች ናቸው። እሱ በቀን፣ ስቶር ውስጥ፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ፤ እሷ በሌሊት፣ ሽመና ላይ፣ ቆማ። ትንሿ ልጃቸው የምስራች ገና ጡት አልጣለችም። ሌሊት ስታለቅስ አባትየው ማንኮራፋቱን ይቀጥላል፤ ተነስቼ የማባብላት እኔ ነኝ። ፋብሪካው በቅርቡ ማስታወቂያ ለጠፈ። አለቆቹ የቀኑን ምርት ለማሽኖቹ ማካፈል አቅቷቸው ሪፖርቱ ሁሉ ጉድ ሆኖ ነው አሉ፤ ስለዚህ ሱፐርቫይዘር መሆን የሚፈልግ ሠራተኛ፣ ወንድ ሴት ሳይል፣ የአራተኛና የአምስተኛ ክፍል ሒሳብ ይፈተን ተባለ። ማባዛት፣ ማካፈል፣ የቁጥር ተርታ፣ እና ያቺ ኤክስ የሚሏት ነገር። ክፍት የሆነው ቦታ የቀንም የሌሊትም ነው። ሰው ሁሉ ስለ ደመወዙ ሲያወራ መሲ የምታወራው ስለ ቀን ፈረቃ ብቻ ነበር። ሌሊት ከልጇ ጋር መተኛት ነው የፈለገችው፤ ሌላ ምንም አልፈለገችም።

ጸጋው በአካውንቲንግ ዲፕሎማ አለው። ዲፕሎማው በመስታወት ተደርጎ ከአልጋው በላይ ተሰቅሏል፤ ክፍሉ ውስጥ አቧራ የሚወለወልለት ዕቃ እሱ ብቻ ነው። ማስታወቂያው የወጣ ሰሞን የአምስተኛ ክፍል መጽሐፍ ከጎረቤት ተውሳ ያመጣችው መሲ ናት። እሱ መጀመሪያ ሳቀ፤ «የሕፃን ጨዋታ!» አለ። ከዚያ ግን ወደ ሥራ ከመውጣቷ በፊት የልጇን ልብስ እያጠበች ትጠይቀዋለች፣ እሱ አልጋ ላይ ተንጋሎ ይመልሳል፣ እኔ በችፑዱ በኩል እሰማለሁ። «ሰባት ጊዜ ስምንት?» አልጋው ሲጥ ይላል። «ሃምሳ አራት።» «ሃምሳ ስድስት ነው።» «አውቃለሁ፤ አንቺን ልፈትንሽ ብዬ ነው።» ልፈትንሽ ብዬ ነው! መልሳ ስትጠይቀው ያው ሃምሳ አራት። መቶ አርባ አራት ለአሥራ ሁለት ሲካፈል ስንት ነው ስትለው ራሴን አሞኛል ይላል። ኤክስ ላይ ሲደርሱማ «ኤክስ ማለት የማይታወቅ ማለት ነው፤ የማይታወቅ ነገር ደግሞ አይጠየቅም» ብሎ መጽሐፉን ጥርቅም አድርጎ ዘጋው። ከአራተኛ ክፍል ያቋረጥኩት እኔ ከት ብዬ ሳቅሁ፤ ሰምቶኛል መሰለኝ ጉሮሮውን ጠረገ። እሷ አልሳቀችም። ቁጥሩን ከወዲህ ወዲያ አሻግሪው፣ ምልክቱን ቀይሪው፣ ቀሪውን አካፍይው እያለች ለራሷ እንደምታወራ ሆና ታስረዳዋለች። እሱን ስታስጠና እሷ አጠናች። እሱ ደግሞ ያልወደደው ይኼንኑ ነው። እሱ ወድቆ እሷ ብታልፍ ምን ሊባል ነው? ማባዛቱን ከማጥናት ስሟን ማሰረዝ ቀለለው። ምሁር!

ባልዲውን እዚያው ትቼ ገባሁ። መሲ ከፈረቃ እንደገባች ሻርፗን እንኳ ሳታወልቅ፣ ልጇን ጡቷ ሥር አድርጋ፣ እንቅልፍ ጥሏታል። ፀጉሯ በሱፍ ብናኝ ነጥቷል። ክፍሏ ያው ክፍል ናት፤ አንድ አልጋ፣ ሁለት ጀሪካን፣ ቡታጋዝ፣ ልብስ የታጨቀበት ካርቶን፣ ለመሄጃ የቀረችው ቦታ አንድ ሰው ዞሮ ለመቆም አትበቃም። «ተነሽ» አልኳት። «ፈተናው ዛሬ ነው፣ ደሴ ነው። ባልሽ ስምሽን አሰርዞ ብቻውን ሄዷል። በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ።» እኔ ነገር ማለሳለስ አልችልበትም። ትጮሃለች፣ ታለቅሳለች ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ግን ቀና ብላ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «ተላልፏል አለኝኮ» አለች፣ ለእኔ ይሁን ለራሷ እንጃ። ከዚያ ተነስታ ፊቷን በቀዝቃዛ ውሃ ታጠበች፣ ጥያቄዎች ገልብጣ የጻፈችበትን ወረቀት ከፍራሹ ሥር አወጣች፣ «ልጄን ይይዙልኛል?» አለችኝ። «ይዣት አብሬሽ እሄዳለሁ እንጂ እዚህ ተጎልቼ ምን ላደርግ!» አልኳት። ነጠላዬን ደረብኩ፣ የምስራችን አዘልኩ፣ ወጣን።

እሑድ ስለሆነ ሚኒባሱ አልሞላ ብሎ አንገበገበን። ታሪፉ ጨምሯል፤ ለምን ሲባል ነዳጅ ነው፤ ነዳጅ ርካሽ በነበረ ጊዜስ ለምን ሲባል መንገዱ ነው ይሉ ነበር። የሐረጎን ዳገት መውጣት ስንጀምር ወረቀቱን ከመሲ ተቀበልኩና እጠይቃት ጀመር። ድምፄ ትንሽ ከፍ ይላል መሰለኝ ከፊታችን የተቀመጡት ሰዎች ሁሉ ዞሩ። «ሁለት፣ አምስት፣ አሥራ አንድ፣ ሃያ ሦስት፤ ቀጥሎ ማን ይመጣል?» አልኩ። ከሐርቡ ፓፓያ ጭኖ የሚመጣ ጣሀ የሚባል ሰው፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ «ሠላሳ አምስት!» አለ። «በምን ሒሳብ አያ?» አልኩት። «ከአሥራ አንድ ሃያ ሦስት ለመድረስ አሥራ ሁለት አይደል የጨመረው? እኔም አሥራ ሁለት ጨመርኩ።» አንዲት ሴትዮ ከኋላ «ኧረ በአላህ፣ እጥፍ ነው እንጂ፤ አርባ ስድስት» አለች። ሾፌሩ ደግሞ መሪውን ይዞ፣ ያን ሁሉ ጠመዝማዛ እየዞረ፣ «ሃያ አራት» ብሎ አረፈው። ይኼ ነው እንግዲህ ነፍሳችንን የያዘው! መሲ ዓይኗን እንደጨፈነች «አርባ ሰባት» አለች። «እጥፍ ይሆንና አንድ ይጨመርበታል። ደግሞ ጭማሪውን ብቻ ብታዩት ሦስት፣ ስድስት፣ አሥራ ሁለት ነው፤ ቀጥሎ ሃያ አራት። በየትም ቢሄዱ አርባ ሰባት ነው።» ጣሀ በጣቱ ቆጥሮ ቆጥሮ «ሱብሃነላህ» አለና ሌላ ጠይቂ አለኝ። ከዚያ በኋላ ሚኒባሱ ሚኒባስ መሆኑ ቀረ። የሚያባዛ፣ የሚያካፍል፣ የሚከራከር፤ ሁሉም አፉን ሞልቶ ይናገራል፣ ሁሉም ይሳሳታል፣ የሚያፍር የለም።

ደስ ሲለኝ «ሰባት ጊዜ ስምንት?» አልኳት፣ ቀላሉን ልስጣት ብዬ። «ሃምሳ አራት» አለች። የባሏ በሽታ ተጋብቶባታል! ያን ሁሉ ጊዜ «ሃምሳ አራት፣ ሃምሳ አራት» ሲል ስትሰማ ኖራ፣ እንቅልፍ ሲጫናት የእሱ ስሕተት ከአፏ ወጣ። «መሲ!» ብዬ ስጮህ ጀርባዬ ላይ ያለችው ልጅ እንኳ ነቃች። «ስድስት፣ ሃምሳ ስድስት» አለች ደንግጣ። ዓይኗ ደም መስሏል። ሌሊቱን ሙሉ ቆማ አድራ ሰው ይኼን ያህል ማሰቡም ይገርማል። ትንሽ ቆይቶ ራሷ ትከሻዬ ላይ ወደቀ። ጣሀ ሌላ ጥያቄ አምጪ ሲለኝ «አቦ ዝም በል፣ ትተኛበት!» አልኩት። ሰውየው አልተቀየመም፤ ከኋላችን ያሉትንም ጣቱን አፉ ላይ አድርጎ ዝም አሰኛቸው፤ ደሴ እስክንገባ ድረስ የተነፈሰ የለም።

ደሴ ብርዱን ይዞ ጠበቀን። የጦሣ ተራራ ጉም ለብሷል፣ ንፋሱ አፍንጫ ይቆነጥጣል። የፋብሪካው ባለቤቶች የደሴ ነጋዴዎች ስለሆኑ ማሽኑ ታች ኮምቦልቻ ያጓራል፣ ቢሮው ደሴ ነው፤ አንድ ነገር በተፈለገ ቁጥር ሠራተኛው ነው ዳገት የሚወጣው። ፈተናው ከፒያሳ ወረድ ብሎ በተከራዩት የሕፃናት ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። በሩ ላይ አቶ ኃይለ ሚካኤል፣ የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊው፣ ኮቱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ የስም ዝርዝር ይዞ ቆሟል። ጠዋት በስልክ ጌታዬ ሲባል የነበረው ጌታ ይኸውላችሁ። መሲን አይቶ ሳይጨርስ «ስምሽ የለም» አላት። «ነበረ» አለች። «ነበረ፣ ተሰረዘ። ባለቤትሽ ነው የጠየቀን። ድርጅቱ የቤተሰብ ጉዳይ ውስጥ አይገባም።» አይገባም! ገብቶ፣ ስም ሰርዞ፣ በሩን ዘግቶ ከወጣ በኋላ አይገባም! «የእኔ ወንድም፣ እሷ ሰርዙኝ ብላሃለች? አንደበት የላትም እንዴ?» አልኩት። «እማማ፣ እርስዎ ደግሞ ማን ነዎት?» «አከራይዋ ነኝ!» አልኩ፣ የወረዳ አስተዳዳሪ ነኝ እንደሚል ሰው ደረቴን ነፍቼ። ወረፋ የያዙት ሠራተኞች ሳቁ። ይሳቁ። አንዳቸውም ግን «ልክ ነች» አላሉም፤ አንድ ተፈታኝ ቢቀንስላቸው ማን ይጠላል።

ጫጫታው ሲበዛ ሐምዲያ ከውስጥ መጣች። ከፋብሪካው ባለቤቶች የአንዱ ልጅ ናት፣ ወጣት ናት፣ ቢሮውን የምትመራው እሷ ናት፤ ሽቶዋ ከእሷ ቀድሞ ይደርሳል። «ምን ሆነው ነው እማዬ?» አለችኝ በአክብሮት። አንድ በአንድ ነገርኳት። መሲን ከእግር እስከ ራሷ አየቻት፤ ፀጉሯ ላይ ያለውን ብናኝ፣ ያበጠውን ዓይኗን፣ ጀርባዬ ላይ ያለችውን ልጅ። ሐቁን አይታ ትፈርድልናለች ብዬ ነበር። እሷ እቴ! ፊቷ ቦግ አለና «ያ አላህ! ከሌሊት ፈረቃ ቀጥታ ነው የመጣሽው? ከነልጅሽ? ቆይ ቆይ፣ ልጅቷን እቀፊያትማ» ብላ ስልኳን አወጣች። ለፋብሪካው የፌስቡክ ገጽ ይሆናል አለች። መሲ ልጇን ከጀርባዬ ተቀብላ በሩ ላይ ቆማ ፎቶ ተነሳች። «ትንሽ ፈገግ በይ» ስትባል ፈገግ አላለችም። ሐምዲያ ፎቶዋን እያየች «ጋሼ ኃይለ ሚካኤል፣ ትግባ እንጂ፣ ምን ችግር አለው?» አለች። እሱም «ምን ችግር አለው» አለ፣ ሲከለክለን የቆየው ሌላ ሰው ይመስል። በእስክሪብቶ ከዝርዝሩ ግርጌ ስሟን ጻፈና አስገባት። ሐቅ ይዘን ስንሟገት ያልተከፈተ በር ለፎቶ ተከፈተ። እንትፍ!

ክፍሉ የሦስተኛ ክፍል ሕፃናት ነው። ጎልማሶቹ ሁሉ በዚያች ትንሽ ዴስክ ውስጥ ጉልበታቸው አገጫቸው ጋ ደርሶ ተጎልተዋል። ግድግዳው ላይ የማባዛት ሠንጠረዥ ተለጥፎ ኖሮ አቶ ኃይለ ሚካኤል በጋዜጣ ሸፍኖታል፤ ጋዜጣው አጥሮት የአንድ ብዜት ብቻ ይታያል። እሱን እንኳ አንገቱን አስግጎ የሚያይ ነበር! እኔ የምስራችን መልሼ አዝዬ ከመስኮቱ ውጪ ቆምኩ። ጸጋው መሐል ረድፍ ላይ ነው። መሲ ስትገባ አያትና እስክሪብቶው ከእጁ ወደቀ። እሷ ከመተላለፊያው ማዶ፣ ከእሱ ትንሽ ቀደም ብላ ተቀመጠች፤ አላየችውም፣ ወይም አላየሁትም አለች። ከዚያ አቀርቅራ መጻፍ ጀመረች። እሱ ግንባሩን ይጠርጋል፣ ወረቀቱን ይገለብጣል፣ ጣሪያውን ያያል። ጣሪያው ላይ ምን ተጽፎለት እንደሆነ እንጃ።

ሽመና ክፍል ውስጥ ማሽኑ ሲንጋጋ ሰው ጆሮህ ሥር ቢጮህ አይሰማም፤ ስለዚህ ሠራተኛው ሁሉ የሚያወራው በእጁ ነው። ክር አለቀ፣ ማሽን ቆመ፣ አለቃ መጣ፣ ስንት ጥቅል ቀረ፣ ሁሉም በጣት ነው። እኔም በልጅነቴ ሌላ ፋብሪካ ሽመና ላይ ሠርቻለሁ፣ አይረሳም። ጸጋውም ስቶር ከመግባቱ በፊት ማሽን ላይ ነበር። አቶ ኃይለ ሚካኤል ግን ከቢሮ ወጥቶ አያውቅም። እንግዲህ ፈተናው ሊያልቅ ሲቃረብ የጸጋው እጅ ከዴስኩ ሥር ብቅ አለ። አራት ጣት፣ ከዚያ መዳፉን ገልበጥ። አራተኛው ስንት ነው ማለቱ ነው። ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ጠዋት ስሟን ያሰረዘው ሰው! መሲ በጎን አየችው። እንደገና አራት ጣት፣ እንደገና መዳፍ። እኔ ውጪ ሆኜ በልቤ «አትንገሪው! መቶ በይው! ሺህ በይው!» እላለሁ። መሲ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች፣ ፀጉሯን የምታስተካክል መስላ እጇን አነሳች፤ አምስት ጣት፣ ቀጥሎ ሁለት። ጸጋው አቀርቅሮ ጻፈ። አቶ ኃይለ ሚካኤል በዚያው ሰዓት አጠገባቸው ቆሞ ያዛጋ ነበር።

ሲወጡ ክንዷን ይዤ ወደ ጥግ ወሰድኳት። «ምን ነካሽ አንቺ? አይቻለሁ! አምስትና ሁለት!» ልጇን ተቀብላ ጡቷን እየሰጠቻት «ሦስት ኤክስ ሲደመር አራት እኩል ይሆናል ሃያ አምስት ነበር የሚለው። ሰባት ነው» አለች። «ሰባት መሆኑን መች ጠየቅኩሽ! ለምን ሰጠሽው? የት አባቱ!» ልጅቷ ስትጠግብ ጡቷን ከተተችና፣ «ቢወድቅ አብሬው የምኖረው እኔ ነኝ እትዬ ብዙዬ» አለች። የልጅቷን ማዘያ በንዴት አራግፌ አጠፍኩት።

ውጤቱ እስኪታረም ፊት ለፊት ካለች ሻይ ቤት ገባን። ሻይዋ የጣት ያህል ናት፣ ዋጋዋ ሳንቡሳ ያካተተ ይመስላል። ጸጋው መጣና ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «መጣሽ እንዴ?» አላት። መሲ የልጇን አፍ ጠረገች። «ተላልፏል ብለውኝ ነበርኮ። እነዚህ ሰዎች ሥርዓት የሚባል ነገር የላቸውም።» ልጁን አላያትም፣ በላሽ ወይ አላላትም፣ ስኳሩን ሲያማስል ቆየ። ባልና ሚስት እንዲህ ፊት ለፊት ተቀምጠው ዝም ሲባባሉ አጠገባቸው ያለ ሰው ሻዩ አይወርድለትም። በኋላ እግሩን አነባብሮ ምን ቢል ጥሩ ነው? «አራተኛዋ ጥያቄ ብዙ ሰው ጥላለች። እኔ ሰባት ነው ያገኘሁት። አንቺስ?» ብርጭቆው ከእጄ ሊያመልጠኝ ነበር። መሲ ቀና ብላ አየችው፤ ረጅም ጊዜ አየችው። «እኔም ሰባት» አለች። «ጎበዝ» አላት። ጎበዝ! ይኼን ሰው እናቱ በምን ውሃ እንዳጠበችው እግዜር ይወቅ።

ያለፉት ሲጠሩ ሁለቱም አሉበት፤ እሱ ወደ መጨረሻው፣ እሷ ወደ መጀመሪያው። ከዚያ ቃለ መጠይቅ ተባለ። ሐምዲያና አቶ ኃይለ ሚካኤል የአስተማሪው ጠረጴዛ ጋ ተቀመጡ፣ በሩ ክፍት ነው፣ እኔ ልጅቷን አዝዬ የበሩ ደፍ ላይ ቆምኩ፤ ውጡ ያለኝ የለም። ጸጋውን ስለ ልምዱ ጠየቁት፣ ስለ ዲፕሎማው ጠየቁት፣ ራዕይህ ምንድን ነው አሉት። ራዕዩን ሲናገር ስለ ፋብሪካው ይሁን ስለ አገሪቱ አልገባኝም። ጨርሶም አልወጣም፤ ጥቁር ሰሌዳው አጠገብ ቆሞ ቀረ። ቀጥሎ መሲ ገባች። ገና ሳትቀመጥ አቶ ኃይለ ሚካኤል «ልጅሽን ማን ይይዛል?» አላት። ሒሳብ ተፈትና ላለፈች ሴት የመጀመሪያው ጥያቄ ይኼ ነው! አባትየው እዚያው ቆሟል፤ እሱን አልጠየቁትም፤ ለእሱ የቀረበለት ራዕይ ነው። «ባለቤትሽም አልፏል» አለ አቶ ኃይለ ሚካኤል፤ «ከአንድ ቤት ሁለት አለቃ ሲሆን ትንሽ ያስቸግራል። ቤቱስ? ሕፃኗስ?» ሐምዲያ ዝም ብላ እስክሪብቶዋን ታሽከረክራለች። ፎቶው ሌላ፣ ሹመቱ ሌላ መሆኑ ነው።

ጸጋው ጣልቃ ገባ። «ልጅቷን እትዬ ብዙዬ ይይዛሉ፣ እሳቸው ችግር የለባቸውም» አለ። ቀጠለናም፣ «ካስቸገረ ደግሞ መሲ ለጊዜው ባለችበት ትቆይ። እኔ ቦታውን ካገኘሁ ያው ለቤቱ ነው።» ያው ለቤቱ ነው! «እኔ አልይዝም!» አልኩ ከደፉ ላይ። ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የደነገጥኩት። አቶ ኃይለ ሚካኤል «እንግዲህ...» ብሎ ወረቀቱን ወደ ጎን ሊያደርግ ሲነሳ፣ የመሲን ዕድል በገዛ አፌ የዘጋሁባት መሰለኝ። መሲ አልተቆጣችኝም። ተነስታ መጣች፣ ማዘያውን ከትከሻዬ ፈታች፣ ልጅቷን ተቀበለችኝ። ወደ ጥቁር ሰሌዳው ሄዳ ጸጋው ክንድ ላይ አስቀመጠቻት። «ያዛት» አለችው። ተመልሳ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች።

«የቀንም የሌሊትም ቦታ ክፍት ነው ብላችኋል» አለች። «እስካሁን ሌሊት እኔ እሠራለሁ፣ ቀን ልጄን እይዛለሁ። እንቅልፍሽን መቼ ነው የምትተኚው ብሎ የጠየቀኝ የለም። አሁን የቀኑን ለእኔ ስጡኝ፣ የሌሊቱን ለእሱ። እሱ ሌሊት ይሥራ፣ ቀን ልጁን ይያዝ። ከእኔ የሚለየው ምን አለ?»

ሐምዲያ እስክሪብቶዋን ማሽከርከር ተወች። ከዚያ ሳቀች፤ ያልጠበቀችውን ነገር የሰማች ሰው ሳቅ ነው። «ማሻአላህ! ይኼማ ያለቀ ነገር ነው» አለችና ጻፈች። አቶ ኃይለ ሚካኤል በጥንቃቄ አንገቱን ነቀነቀ፤ የሚነቀንቀው ሐምዲያ ወደሳቀችበት ነው። «አቶ ጸጋው፣ ይስማማዎታል?» ብላ ጠየቀችው። ጸጋው ልጅቷን አየ፣ ሰሌዳውን አየ። ምን ይበል? ልጄን መያዝ አልችልም ይበል? ያን ሁሉ ራዕይ ከዘረገፈ በኋላ ሌሊት እንቅልፍ ያሸንፈኛል ይበል? «ይስማማኛል» አለ። «ከነገ ሰኞ ጀምሮ» አለች ሐምዲያ፣ ለሁለቱም።

መሲ ወረቀት ላይ እየፈረመች ሳለ የምስራች ማልቀስ ጀመረች። አያያዙን አያውቅበትም፤ እንደ ጥቅል ብርድ ልብስ በሁለት ክንዱ ላይ አጋድሟታል። ጀርባዋን ለጥጣ፣ ፊቷ ቀልቶ፣ ሁለት እጆቿን ወደ እኔ ዘረጋች። እጆቼ ሊቀበሏት ተነሱ፣ አልዋሽም። ጸጋው ግንባሩ በላብ ርሶ፣ በዚያ ብርድ፣ ልጅቷን ይዞ ወደ ደፉ ተጠጋኝ። «እትዬ ብዙዬ፣ እባክዎ» አለኝ። ሁለቱንም እጆቼን ነጠላዬ ውስጥ ከተትኩ።